ስለ ቀዶ ጥገና ጨዋታና ስለ እውነተኛው ቀዶ ጥገና

ጨዋታ የሥራ ፈት ነገር ነው የሚል አስተያየት በብዙ ወላጆቻችን ዘንድ አለ። በተማሪዎች መካከል ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሆነ አስተያየት ይሰማል፤ ይኸውም በመጫወቻ መሣሪያ ላይ አውሮፕላን ያበረረ አብራሪ ለመሆን፣ ሆድ ቀዶ የሰፋም ሐኪም ለመሆን እኩሌታውን መንገድ ሄዷል የሚለው ነው። እኛ ሁለቱንም አስተያየቶች ሳንመረምር መቀበል አልፈለግንም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ጥቂት ተማሪዎች ነን። እኩሌቶቻችን የቢቸና፣ እኩሌቶቻችን የሞጣ ልጆች ስንሆን ከመካከላችን ጤና የሚያጠናም ምሕንድስና የሚያጠናም አለ። በአንድ የዕረፍት ጊዜ ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ፣ በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ከነቀዶ ጥገና ጨዋታው እጃችን ገባና ተራ በተራ ስንጫወትበት ሰነበትን። ከዚያም በመካከላችን ክርክር ተነሣ። የክርክሩም አርእስት "ይህ ጨዋታ በቢቸናና በሞጣ ሆስፒታል ውስጥ በየቀኑ ከሚሠራው ሥራ ጋር ምን ያህል ይገናኛል?" የሚል ነበር። ስንከራከር፣ ስናነብና የሚያውቁትን ስንጠይቅ ያገኘነውን ለጓደኞቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መሣሪያው

መሣሪያው ኒንቴንዶ ዲ ኤስ ይባላል። የጃፓኑ የኒንቴንዶ ኩባንያ በ2004 ለገበያ ያወጣው ሲሆን ከእርሱና ከታናናሾቹ ጋር በዓለም ላይ ከ154 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ዛሬ ኩባንያው መሥራቱን ስላቆመ የሚገኘው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። እንደ ትንሽ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ሲሆን ከላይና ከታች ሁለት ገጽ አለው። የላይኛው ገጽ ለማየት ብቻ ነው፤ የታችኛው ግን በትንሽ የፕላስቲክ ብዕር የሚነካ ነው።

የታችኛው ገጽ አሠራር ለክርክራችን የሚጠቅም ስለ ሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ገጹ ሁለት ስስ ንጣፎች አሉት። በመካከላቸው በዓይን የማይለይ ክፍተት አለ። ብዕሩ ሲጫን የላይኛው ንጣፍ ጎብጦ የታችኛውን ይነካል፤ መሣሪያውም በሚነካኩበት ቦታ ያለውን የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ለክቶ ብዕሩ የት ላይ እንዳረፈ ያውቃል። የዛሬ ስልኮቻችን የሚያውቁት የጣታችንን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ጠባይ ሲሆን፣ ይህኛው ግን የሚያውቀው መጫንን ነው። ስለዚህ በጥፍርም በስንጥርም ቢነኩት ይታዘዛል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ለይቶ የሚያውቀው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። በሁለት እጅ ቢነኩት ግራ ይጋባል። ይህን አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ጨዋታው

የጨዋታው ስም "ትራውማ ሴንተር፦ አንደር ዘ ናይፍ" ይባላል። አትለስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2005 ያወጣው ነው። ተጫዋቹ ዴሪክ ስታይልስ የተባለ ወጣት ሐኪም ሆኖ ይሠራል። አንጂ ቶምሰን የምትባል ነርስ ከጎኑ ሆና ትመክረዋለች፣ አንዳንድ ጊዜም ትገሥጸዋለች።

በገጹ ዳርና ዳር መሣሪያዎች ተደርድረዋል፤ ስለት፣ ወረንጦ፣ የመስፊያ መርፌና ክር፣ ደም መምጠጫ፣ የመድኃኒት መርፌ፣ ፀረ ጀርም ቅባት፣ ሌዘር፣ አልትራሳውንድ፣ ማጉያና ፋሻ ናቸው። ተጫዋቹ የሚፈልገውን በብዕሩ ነክቶ ያነሣል፤ ብዕሩም ወዲያው ያንን መሣሪያ ይሆናል። አንድ ብዕር አንድ ጊዜ ስለት፣ አንድ ጊዜ መርፌ፣ አንድ ጊዜ ወረንጦ ይሆናል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል በሰውነት ውስጥ ዕጢ ያለበት በሽተኛ ቀረበ እንበል። በመጀመሪያ ቆዳው ላይ ፀረ ጀርም ቅባት ይቀባል። ከዚያ በኋላ በነጠብጣብ የተመለከተውን መስመር ተከትሎ በስለት ይቀደዳል። ዕጢው ተሸሽጎ ከሆነ በአልትራሳውንድ ይፈለጋል። ሲገኝ በዙሪያው ይከፈታል፣ ፈሳሹ ይመጠጣል፣ ከሥሩ ተቈርጦ በወረንጦ ይነሣና ሳሕን ላይ ይቀመጣል። በቦታው ሰው ሠራሽ ስስ ሽፋን ተለጥፎ ቅባት ይቀባበታል። በመጨረሻም ብዕሩን ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ ቁስሉን ይሰፉታል፣ እንደገና ቅባት ይቀቡታል፣ ፋሻ ያስሩበታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በ5 ደቂቃ ውስጥ ነው። የበሽተኛው ጉልበት በቍጥር የሚታይ ሲሆን ከ99 አይበልጥም። ደም ሲፈስና ተጫዋቹ ሲሳሳት ቍጥሩ ይወርዳል፤ አንድ ዓይነት አረንጓዴ መድኃኒት በመርፌ ሲሰጥ ይወጣል። ቍጥሩ ዜሮ ከደረሰ ወይም ሰዓቱ ካለቀ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ተጫዋቹም "እንደገና ሞክር" የሚለውን ነክቶ ያንኑ በሽተኛ ከመጀመሪያ ያገኘዋል።

ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ተረትነቱ ይጨምራል። ክፉ ሰዎች የፈጠሯቸው ተውሳኮች ይመጣሉ። ስማቸው የሳምንቱ ቀኖች የግሪክኛ ስም ነው። ከእነርሱም አንዱ ቴታርቲ፣ አንዱ ፔምፕቲ ይባላል፤ እኛ ረቡዕና ሐሙስ የምንላቸው መሆናቸው ነው፤ በግሪክኛውም በግዕዙም ፍቺያቸው አራተኛና አምስተኛ ነው። ሐኪሙም ሥራው ሲከብደው በብዕሩ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይሥልና ሰዓቱ ዝግ እንዲልለት ያደርጋል። ይህን የመሰለ ኮከብ በሞጣም ሆነ በለንደን ሆስፒታል እንደሌለ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ጨዋታው የሚያስተምረው

በመጀመሪያ ተገቢውን ምስጋና እንስጠው። ጨዋታው ሁለት ነገሮችን በእርግጥ ያስተምራል።

አንደኛው ቅደም ተከተል ነው። ቅባት ሳይቀቡ መቅደድ፣ ደሙን ሳይመጡ መስፋት እንደማይቻል እጃችን ተማረ። በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን ሕክምና ያልተማረው የምሕንድስና ተማሪ እንኳ ቅደም ተከተሉን ሳያስብ ይሠራው ነበር።

ሁለተኛው የእጅና የዓይን መስማማት ነው። ለዚህ ማስረጃ አለ። በኒውዮርክ በቤት እስራኤል ሕክምና ማዕከል ጀምስ ሮዘርና ጓደኞቹ በ2007 ባሳተሙት ጥናት 33 ቀዶ ሐኪሞች በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው በሚሠሩት የቀዶ ጥገና ዓይነት ልምምድ ላይ ተፈተኑ። ቀድሞ በሳምንት ከ3 ሰዓት በላይ ጌም ይጫወቱ የነበሩት ምንም ካልተጫወቱት ይልቅ ስሕተታቸው በመቶ 37 ያነሰ፣ ፍጥነታቸው በመቶ 27 የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን ጌም መጫወት ሐኪም ያደርጋል ማለት አይደለም። የተፈተኑት ሁሉ አስቀድመው ሐኪሞች ነበሩ። ደግሞም እጀ ቀልጣፋ ሰው ጌም ይወድ እንደ ሆነ፣ ወይም ጌም እጀ ቀልጣፋ ያደርግ እንደ ሆነ እንደዚህ ባለ ጥናት አይለይም።

ከዚህ ይልቅ ጠንካራ የሆነው ማስረጃ በየል ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2002 የታተመው ነው። 16 ተለማማጅ ሐኪሞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ ለዚሁ በተሠራ የኮምፒውተር መለማመጃ ላይ ከተማሩ በኋላ ሁሉም የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ሠሩ። በመለማመጃው የተማሩት ከሌሎቹ በመቶ 29 ፈጠኑ፤ ስሕተታቸውም ከሌሎቹ ስድስት እጅ ያነሰ ሆነ። እንግዲህ ለሥራው ተብሎ የተሠራ ልምምድ ወደ ሥራው ይሻገራል።

ይህ አሳብ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌላው የጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ በመጀመሪያ የሚያቀርበው ለመምህሩ ነው። ነገራው ላይ ስሕተቱ ይነቀሳል፣ ይታረማል። በበዓል ቀን በሊቃውንት ፊት ከመቆሙ በፊት ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ታርሟል። ስሕተት ዋጋ በማያስከፍልበት ቦታ ተሳስቶ፣ ዋጋ በሚያስከፍልበት ቦታ እንዳይሳሳቱ መዘጋጀት ማለት ይህ ነው። ጨዋታው ከቅኔ ቤቱ የሚያንስበት ነገር ግን አለ፤ መምህር የለውም። "ተሳሳትክ" ይላል እንጂ ለምን እንደተሳሳትን አይነግረንም።

በገጹ ላይ የማይታየው እጅ

አሁን ቀደም ሲል አደራ ወዳልነው እንመለስ። መሣሪያው የሚያውቀው አንድ ነጥብ ብቻ በመሆኑ የጨዋታው ሐኪም አንድ እጅ ብቻ አለው። እውነተኛው ቀዶ ሐኪም ግን በቀኙ ሲቈርጥ በግራው ሥጋውን ይወጥራል፤ ወይም በወረንጦ ይይዛል። ከፊቱ የቆመው ረዳት ቁስሉን ከፍቶ ይይዝለታል፣ ደሙን ይጠርግለታል። መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ አለች። በበሽተኛው ራስ በኩል ደግሞ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ተቀምጦ ትንፋሹን፣ የደም ግፊቱንና በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይከታተላል። በጨዋታው ውስጥ ይህ ሰው ፈጽሞ የለም። በሽተኛው በራሱ ጊዜ ተኝቶ ይጠብቀናል፣ በራሱ ጊዜም ይነቃል። ጤና የሚያጠኑት ጓደኞቻችን እንደሚሉት ግን ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ የሌለበት ሆስፒታል የተሳለ ስለትና የሰለጠነ እጅ ቢኖረውም ትልቅ ቀዶ ጥገና አይሠራም።

ሁለተኛው የጎደለው ነገር የእጅ ስሜት ነው። ብዕሩ በቆዳም፣ በጉበትም፣ በአንጀትም ላይ ሲሄድ የሚሰማን ያው የፕላስቲኩ ድርቀት ነው። እውነተኛው ሆድ ግን ሲከፈት ቆዳው አንድ ዓይነት፣ ስቡ ሌላ ዓይነት፣ ከሥሩ ያለው ጠንካራ ሽፋንም ሌላ ዓይነት ስሜት አለው። ሐኪሙ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጣቱ ነው።

ሦስተኛው፣ ጨዋታው ሐኪሙን ከሚያጣድፈው በስተቀር የሚያስቆመው ነገር የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ጥገና ደኅንነት መጠይቅ 19 ነጥቦች አሉት። ሠራተኞቹ ማደንዘዣ ከመስጠታቸው በፊት፣ ከመቅደዳቸው በፊትና በሽተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጊዜ ቆም ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠያየቃሉ። በሽተኛው ማን ነው? የሚሠራው የቱ ቦታ ነው? ደም ቢፈስ ምን ተዘጋጅቷል? መርፌውና ጨርቁ ተቈጥሮ ሞልቷል ወይ? ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን በስምንት ከተሞች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 በወጣው ውጤት መሠረት ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሞተው በሽተኛ ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወርዷል። ኮከብ ሥሎ ሰዓትን ማዘግየት የማይቻል ከሆነ፣ ቆም ብሎ መጠየቅ የሚቻል ኮከብ ነው ልንል እንችላለን።

በሽተኛው ጠረጴዛው ላይ እንዴት ደረሰ?

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው ነው። ጨዋታው የሚጀምረው በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ከተኛ በኋላ ነው። በእኛ አውራጃ ግን የቀዶ ጥገናው ረጅሙ ክፍል እርሱ ሳይጀምር ያለፈው ነው።

ሰሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ እናቶች በወሊድ የሚሞቱበትን ምክንያት ሲያስረዱ መዘግየትን በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው ወደ ሐኪም እንሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ሆስፒታል ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት ነው። የእኛን አገር ሁኔታ በዚህ መሠረት እንመልከተው።

ከሞጣ በስተሰሜን ወደ ዓባይ ቈላ በሚወርደው አገር አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባታል እንበል። መጀመሪያ ቤተ ዘመድ ይመክራል፤ ይህ አንዱ መዘግየት ነው። ቀጥሎ ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ተሸክሟት ሽቅብ ወደ መኪና መንገድ ይወጣል። ክረምት ከሆነ ወንዝ ይሞላል፣ ጭቃው ያንሸራትታል። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሞጣ ሆስፒታል ትተላለፋለች። ከሞጣ በላይ የሆነ ነገር ከመጣባት ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የቢቸና በሽተኛም በበኩሉ ከዚያ ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገው ወደ ደብረ ማርቆስ መሄድ አለበት። ከ2023 ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ቀን ደግሞ ይህ ሁሉ ርቀት በኪሎ ሜትር የሚለካ መሆኑ ይቀራል።

ሆስፒታል ከደረሰች በኋላስ? ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ አለ ወይ? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አለው ወይ? ከደም ዓይነቷ ጋር የሚስማማ ደም ተቀምጧል ወይ? ኦክስጅን አለ ወይ? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ "የለም" የሚል መልስ ካገኘ የሐኪሙ እጅ የቱንም ያህል የሰለጠነ ቢሆን ተሳስሮ ይቆማል።

እኛ በተጫወትንበት ጊዜ ሁሉ አንዲት እናት እንኳ አዋልዱ ተብለን አልቀረበችልንም። ቢቸናንና ሞጣን በመሰሉ ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ግን ስለትን በብዛት የሚያስነሣው ድንገተኛ ሥራ እርሱ ነው። በ2015 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ስለ ዓለም ቀዶ ጥገና ባቀረበው ዘገባ አንድ የወረዳ ሆስፒታል ደኅና ነው የሚባለው ሦስት ነገሮችን ሲችል ነው ብሏል። እነዚህም በቀዶ ጥገና ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ ማከምና ቆዳን በጥሶ የወጣ ስብራትን ማከም ናቸው። በሽተኛውም በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሊደርስባቸው ይገባል ይላል። ይኸው ዘገባ 5 ቢሊዮን የሚሆን ሕዝብ በሚያስፈልገው ጊዜ፣ በሚችለው ዋጋ፣ ደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ጥገና እንደማያገኝ ገምቷል። በጨዋታው አቈጣጠር 5 ደቂቃ የተባለው ጊዜ በእኛ አገር አቈጣጠር ከመንደር ሲነሡ የሚጀምር ሰዓት ነው ማለት ነው።

ስለቱን የያዘው ማን ነው?

በጨዋታው ውስጥ የሚያድነው አንድ ልዩ ስጦታ ያለው ሐኪም ነው። የአገራችን ታሪክ የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው።

በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጣቢያ ሲቋቋም የተያዘው አሳብ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ገጠሩ ዝም ብሎ አይጠብቅም የሚል ነበር። ስለዚህ የጤና መኰንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ሠራተኛ በአንድነት ሠልጥነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ተደረገ። ከ50 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2009፣ ይኸው አሳብ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ። ልምድ ያላቸው የጤና መኰንኖች ሦስት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ተምረው በድንገተኛ ጊዜ በቀዶ ጥገና እንዲያዋልዱ፣ የተቋጠረ አንጀት እንዲፈቱ፣ የታመመ ትርፍ አንጀት እንዲያወጡ መሠልጠን ጀመሩ። ስፔሻሊስት ሐኪም በማይደርስባቸው ሆስፒታሎች ሌሊት ተቀስቅሶ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው "ልዩ እጅ ያለው ሰው ከየት ይገኛል?" የሚል አይደለም። "ተራው እጅ በብዛት፣ በደኅና ሁኔታ፣ በሕያው ሰው ላይ ሳይሳሳት እንዴት ይሠልጥን?" የሚል ነው። እዚህ ላይ መለማመጃ የሚባለው ነገር ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ቁም ነገር ይሆናል።

ወረንጦውና የዓይን ቆቡ

አንድ ቀን ሞጣ ላይ ስንጫወት አንዲት ባልቴት አጠገባችን ተቀምጠው ይመለከቱን ነበር። በአንገታቸው ክር ላይ ትንሽ ወረንጦ ተንጠልጥሏል።

"ልጆቼ፣ ይህ የምትሰፉት የማን ሆድ ነው?" አሉን።

"የማንም አይደለም እማማ፤ ጨዋታ ነው" አልናቸው።

"የማንም ካልሆነ ለምን ትደክሙበታላችሁ?"

"እጅ እንዲለምድ ነው እማማ።"

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ "እንግዲያማ የዓይን ቢሆን ይሻል ነበር" አሉ።

ነገራቸው ትክክል ነው። ወረንጦው በአንገታቸው የተንጠለጠለው ለጌጥ አይደለም። በልጅነት ደጋግሞ የሚይዘው ትራኮማ በዓይን ቆብ ላይ ከውስጥ በኩል ጠባሳ ያበጃል፣ ቆቡንም ያኮማትረዋል፤ በጊዜ ብዛት ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን ይፍቃል። ሽፋሽፍቱ በወረንጦ ሲነቀል ለጊዜው እፎይ ያሰኛል፤ ነገር ግን ተመልሶ ይበቅላል። ብሌኑ እየተፋቀ ከሰነበተ ዓይን ይጠፋል። በ2005ና በ2006 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ልጆች ከመቶ 62.6 የሚሆኑት ገና ያልጠገገ ትራኮማ ነበረባቸው፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ከዚያ ወዲህ በመድኃኒት እደላ፣ በፊት መታጠብ፣ በመጸዳጃ ቤት ሥራና በቀዶ ጥገና ብዙ ተደክሟል።

የታጠፈውን ቆብ የሚመልሰው አጭር ቀዶ ጥገና ነው። ቆቡ ብቻ ደንዝዞ፣ በሽተኛው ነቅቶ እያለ ይሠራል። የሚሠሩትም በአብዛኛው ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ስለቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከሳተ ወይም ስፌቱ ከላላ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ይታጠፋል። እስማኤል ሀብታሙና ጓደኞቹ በአማራ ክልል 1000 በሽተኞች ላይ ሁለት የአሠራር ዘዴዎችን አነጻጽረው በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ቆቡን ከውስጥ በኩል ብቻ በሚቀድደው ዘዴ በአንድ ዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው ከመቶ 13 ሲሆኑ፣ ቆቡን ከነቆዳው በሚቀድደው ዘዴ ግን ከመቶ 22 ሆነዋል። ከክልላችን በሽተኞች የተገኘ፣ ለዓለም የተረፈ ዕውቀት ነው።

ባልቴቷ የተመኙት መለማመጃም በእርግጥ አለ። ኤሚሊ ጋወር የተባሉ ተመራማሪና የሥራ ጓደኞቻቸው "ሄድ ስታርት" የተባለ የሰው ራስ ምስል ሠርተዋል። በዓይኑ ላይ የሚገጠመው ቆብ የሚቀየር ስለ ሆነ ሠልጣኙ ይቀድደዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ይሰፋዋል። መምህሩም ስፌቱን አይቶ ካረመው በኋላ ቆቡ ወልቆ ሌላ ይገባል። ትራኮማ ባለባቸው የአፍሪካ አገሮች ሠልጣኞች ወደ ሕያው ዓይን ከመሄዳቸው በፊት በዚህ ተለማምደዋል።

ይህን ከጨዋታችን ጋር እናነጻጽረው። ጨዋታው ኮከብ፣ ተውሳክና ሌዘር አለው፤ ምስሉ ከእነዚህ ምንም የለውም። ጨዋታው ሁሉን ዓይነት ቀዶ ጥገና ይነካል፤ ምስሉ አንድ ብቻ ያስተምራል። ነገር ግን ምስሉ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ስለቱ ሲገባ ይሰማል፣ መምህር አጠገቡ ይቆማል። ከሁሉ በላይ የተሠራው አንድ ታማሚ ከሚጠብቀው ሥራ ተነሥቶ ነው። በእኛ አስተያየት የጥሩ መለማመጃ መለኪያ የምስሉ ማማር ሳይሆን ይህ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከዚህ በላይ ከተጻፈው የሚከተሉትን እንደመድማለን።

1ኛ. ጨዋታውን የሚጫወት ይጫወት። ቅደም ተከተልን ያስለምዳል፣ እጅን ያፍታታል። ነገር ግን በጨዋታ ያገኘው ማዕረግ በሕያው ሰው ላይ ሥልጣን እንደማይሰጠው ይወቅ።

2ኛ. ጤና የምታጠኑ ጓደኞቻችን መሣሪያ እስኪመጣ አትጠብቁ። ቋጠሮ በወንበር እግር ላይ ይለመዳል፤ ስፌት በሙዝ ልጣጭ ላይ ይለመዳል። ካርቶንና የስልክ ካሜራ ካለ በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራውን ቀዶ ጥገና መለማመጃ ሣጥን መሥራት ይቻላል። ብቻ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ሰው ስሕተታችሁን ይመልከትላችሁ፤ ያለ አራሚ የተለመደ ስሕተት ከአለመልመድ የከፋ ነው።

3ኛ. ምሕንድስናና ኮምፒውተር የምታጠኑ ደግሞ በአማርኛ የሚሠራ ሌላ ጨዋታ ልትሠሩልን ትችላላችሁ። ይህ ጨዋታ ጠረጴዛው ላይ አይጀምር፤ ከጤና ኬላው ይጀምር። ተጫዋቹ በመጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኖ መቼ እንደሚልክ ይወስን፤ ቀጥሎ አምቡላንስ ይፈልግ፤ ቀጥሎ ደምና ኦክስጅን መኖሩን ይጠይቅ፤ ስለቱን የሚያነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን። እንዲህ ያለው ጨዋታ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ለቀበሌ ሹምና ለአምቡላንስ ሹፌርም ትምህርት ይሆናል።

4ኛ. ሌሎቻችን ከስለቱ ሥራ ውጭ አይደለንም። አንድ ጤነኛ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ደም 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በጨዋታው ቍጥሩን ከፍ የሚያደርገው አረንጓዴ መድኃኒት በእውነተኛው ዓለም ብዙውን ጊዜ ይህ ደም ነው፤ እርሱም ከፋብሪካ አይመጣም፣ ከሰው ክንድ ነው የሚመጣው። የደም ባንክ ሠራተኞች ወደ ግቢያችን ሲመጡ ፈተና ደረሰብኝ ብሎ የሚሸሽ ተማሪ የሐኪሙን እጅ እንዳሰረው ይቍጠረው።

ቢቸናና ሞጣ ሐኪም ቤት ውስጥ ዛሬም ሌሊት አንድ ሰው እጁን ታጥቦ ይቆማል። "እንደገና ሞክር" የሚል ምልክት በፊቱ የለም። እኛ ልናደርግለት የምንችለው፣ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ሁሉ አስቀድሞ ተለምዶና ተሰናድቶ እንዲጠብቀው መድከም ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላይ ተቃውሞ ወይም ተጨማሪ አሳብ ያለው አንባቢ ጽፎ ለመጽሔቱ ክፍል ቢያስረክብ በሚቀጥለው እትም ለመልስ ዝግጁ ነን።